ከሰባት ቤት በላይ

ልጆቹ ንገሪን ካሉኝ ሰነበቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤዛ ጋ እየተሰበሰቡ አማርኛ የሚያነቡ ልጆች ናቸው፤ ቤዛ የልጄ የአልማዝ ልጅ ናት። «እማማዬ፣ የድሮውን ንጉሥ ዘመቻ ታውቂዋለሽ አሉ» ይሉኛል። አውቀዋለሁ። ግን እኔ የማውቀው ዘመቻ ድሮ አላለቀም። ያለቀው እዚሁ አሜሪካ፣ ኮንየርስ ከተማ ውስጥ፣ በቅዳሜ ቀን፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ በእኔ አፍ ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ እናገራለሁ፣ ቤዛ ትጽፋለች። «ይሄን ልተወው?» ስትለኝ «አትተዪው» እያልኳት ነው።

አገሬ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከደጃችን ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ቆላው እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይታያል። አባቴ ሲነግረኝ፣ የድሮው ንጉሥ የቆላውን ሱልጣን ሊወጋ በዚያ ገደል የወረደው ታሞ ነው፤ በአልጋ ተሸክመውት። ጭፍሮቹ ከየአገሩ የመጡ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ጭፍራ የራሱ ስም፣ የራሱ ነጋሪት ነበረው። ግማሾቹን ጦር ሳያገኛቸው ንዳድ ፈጃቸው። የቀሩት ወንዙ ጋ ሲደርሱ የሱልጣኑ ፈረሰኞች ማዶ ቆመው ጠበቋቸው። ሾላው መሻገሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ተላለቁ። የእኛ አባት ዘሚካኤል ከጋሻ ያዦቹ አንዱ ነበር። ከዚያ ተርፎ ሲመለስ ንጉሡ አፋፉን መሬት ሰጠው። እኛ እንግዲህ የዘሚካኤል ዘር ነን።

ይሄ ሁሉ በቆጠራ ነው የተያዘው። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ቆጠራውን ለእኔ አስጠናኝ፤ ገና ጥርሴን ሳልነቅል። በእኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና እንዳይገኝ። ከሰባቱ በላይ ያለው ግን ለክብር ነው። ዘሚካኤል ጋ ሲደረስ ደግሞ ፉከራው ይከተላል። ቆጠራውና ፉከራው አንድ ላይ የተሰፉ ናቸው፤ አባቴ አንዱን ከአንዱ ለይቼ እንድለው አላስተማረኝም። መሀል ላይ ብቆም በአርጩሜ ነበር የሚያስጀምረኝ።

አትላንታ ከመጣሁ ወዲህ አንድ ቦታ ተቀምጬ አላውቅም። ወር ሎረንስቪል አልማዝ ጋ፣ ወር ኮንየርስ ልጄ ተስፋዬ ጋ፤ ሻንጣዬ ተፈትቶ አያውቅም። ተስፋዬ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። አንድ እሁድ የሥራ ጓደኛውን ጀማልን ከነእናቱ ይዞ መጣ። እናቱ ዘሃራ ትባላለች። ሻርፗን አስተካክላ ከጎኔ ተቀመጠችና «አገርሽ ወዴት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ ስለረዘመ አልሰማችኝም ብዬ ልደግምላት ስል እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«እንግዲያው ጎረቤቴ ነሻ» አለች። «እኔ ከእግራችሁ ሥር ነኝ። ከኮረብታው።»

ኮረብታውን አውቀዋለሁ። ከደጃችን ይታያል፤ አናቱ ላይ አንድ ዋርካና ነጭ ነገር አለ። የሰኞ ገበያችን ከገደሉ ወገብ ላይ ነበር፤ እኛ እንወርዳለን፣ እነሱ ይወጣሉ። ምናልባት ልጆች ሆነን ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን ይሆናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ዘሃራ አንለያይም ነበር። እታለም ትለኛለች፣ እታለም እላታለሁ። የገበያ ማዕከሉ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሚያልፈውን ሰው እናማለን።

«የልጅ ልጄ ኮረብታው ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው ቢለኝ ምን ልበለው?» አልኳት አንድ ቀን።

«የኮረብታው አባት ቀብር ነው።»

«ማን ይባላል?»

«አባት ነዋ። አባት በስም ይጠራል እንዴ?» አለችና ስለ ቲማቲም ችግኟ ታወራኝ ጀመር። እኔ ስለ ዘሚካኤልና ስለ ንጉሡ ባነሳሁ ቁጥር ችግኝ፣ ወይም ጉልበት ሕመም፣ ወይም የጀማል ማንኮራፋት ይመጣል። ጨዋታ መለወጥ የምትወድ ሴት ናት ብዬ ተውኩት።

የአልማዝ ልጅ ዮናስ እኔን በመኪና ያመላልሰኛል፣ የጀማል ልጅ ሃያት አያቷን ታመላልሳለች። ሁለቱ እኛን ሲጠብቁ ሲጠብቁ ተዋደዱ። ዮናስ ፋርማሲስት ነው፣ ሃያት ነርስ ናት። በእኛ በኩል ክርስቲያንና ሙስሊም መጋባት እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ድስት ጥዶ የኖረ አገር ነው። ዘሃራ መጀመሪያ የሰማች ቀን ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እኔና አንቺ አርጅተን ተዋለድን» አለች።

በዚያው ክረምት ግን አገር ቤት እሳት ሆነ። ቆላውና አፋፉ እንደገና ተያያዘ። ስልኩን ሲከፍቱት ሰው የዚያን የድሮ ንጉሥ ስም እየጠራ ይሰዳደባል፤ አንዱ ይኮራበታል፣ አንዱ ይረግመዋል። ከሞተ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ንጉሡ እንደገና ዘመተ። የዘሃራን ታናሽ ልጅ፣ የጀማልን ወንድም፣ ኮረብታው ላይ ገደሉት። ማን እንደገደለው የሚያውቅ የለም ይባላል፤ ሁሉም ግን ከየት እንደመጡ ያውቃል። ከላይ ነው የመጡት። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ከዘሃራ ጎን ተቀመጥኩ። ጀማል ያን ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም። እሷ ግን ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኛች።

ልጆቹ ግን አልተውም። ዮናስ «እማማዬ፣ እኛ እኮ እዚህ ነን፤ ያ ነገር እዚያ ነው» ይለኛል። ጀማል ልጄን አልሰጥም አላለም፣ እሰጣለሁም አላለም። በመጨረሻ ዘሃራ ለመነችው። «ሽማግሌ ይላኩ፣ እንስማቸው» አለ። እንግዲህ ያ ቃል ክር ነበር፤ ክር መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከተበጠሰ ሌላ የለም።

ሴት ሽማግሌ ሆና አታውቅም። ነገር ግን የዮናስን የእናት ወገን የሚቆጥር ከእኔ በቀር ስለሌለ ግርማ ይዞኝ ሄደ። ግርማ የልጁ አባት የአጎት ልጅ ነው፤ ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ ቀልድ የማያጣው ሰው። ሁለት ጓደኞቹም ነበሩ። ነጭ ለብሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሎረንስቪል ኮንየርስ ሩቅ ነው፤ መንገዱን ሁሉ በልቤ ስቆጥር ነበር። ግርማ የወትሮ ቀልዱ የለም። መጋዘኖቹ ጋ ስንደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ ጥሩነሽ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ከነሱ ቤት ተደውሎ ነበር። ቆጠራው ይቅር ብለዋል።»

«ይቅር?»

«ይቅር። ሃይማኖቱም የተለያየ ነው፣ ዝምድና አይኖርም፤ ባይቆጠርም ይሆናል ነው የሚሉት።»

«ማነው ያለው?»

«ከቤቱ ነው እንግዲህ። ምን ያደርግልዎታል?»

አኮረፍኩ። የዛሬ ልጆች ሥራ ነው አልኩ በልቤ። ሃያት ናት፣ ወይ እናቷ፤ ቶሎ እንዲያልቅ ብለው ነው። ወይም ቆጠራቸው ጠፍቷቸው አፍረው ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ለዚያ ቀን ስል ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት ሊቀርብኝ ነው። በዚህ አገር እኔን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። መድኃኒት ዋጥሽ ወይ ይሉኛል እንጂ ምን ታውቂያለሽ ያለኝ የለም። ያ ቀን የእኔ ቀን ነበር።

«ሳይቆጠር ጋብቻ የውሻ ነው» አልኩት።

«እማማ፣ እባክዎን።»

«እሺ፤ ከጠየቁኝ ነው እንጂ ራሴ አልጀምርም።»

ግርማ ፓርክ አደረገ።

ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ዘሃራ ሁሉን አሰናድታ ነበር። ወጥ ቤት በኩል ሳልፍ አንድ ሰማያዊ ድስት አየሁ፤ አዲስ፣ ወረቀቱ ገና ከሥሩ ያልተላጠ። «የእናንተ ነው» አለችኝ በጆሮዬ። «ሥጋው ከክርስቲያን ልኳንዳ ነው። ድስቱም ሌላ ነገር አልነካውም። ተስፋዬ ራሱ ነው ያመጣልኝ።» እጄን ጨመቅ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ግርማ እንደ ወጉ ቆሞ ተናገረ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አለ። ጀማል መሬት መሬት እያየ ሰማ። ሃያት ከእናቷ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ የተረከዟን ጥላ አያለሁ። ከዚያ «ተቀመጡ» አለ። ሽማግሌን ተቀመጡ ማለት ልመናችሁን ተቀብያለሁ እንደ ማለት ነው። ግርማ ትንፋሹን ለቀቀ።

ሻይ መጣ። ነገር ሲለዝብ ጀማል ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ክረምት ወዲህ ፊቴን አየኝ። ለእኔ ደግ መሆን ፈልጎ ነው። «እማማ፣ እርስዎ ትልቅ አዋቂ ነዎት ይላሉ እናቴ። የዮናስ ዘሮች እነማን ናቸው?» አለኝ። እንዲያው ለጨዋታ።

ግርማ አየኝ። እኔ ግን ተጠይቄያለሁ።

ቀና ብዬ ጀመርኩ። «ዮናስ የአልማዝ፣ አልማዝ የጥሩነሽ፣ ጥሩነሽ የደምሴ፣ ደምሴ የተክሌ፣ ተክሌ የኃይሉ፣ ኃይሉ የጎሹ፣ ጎሹ የመርሻ።» ድምፄ የአባቴን ድምፅ ሆነ። ከወጥ ቤቱ በር ሃያት ብቅ ብላ ፈገግ ስትል አየኋት።

«ሰባት ሞላ» አለች ዘሃራ። «ይበቃል እታለም። ምሳው ይቅረብ።»

«ቆይ፣ አላለቀም።»

«ለእኛ ይበቃናል። ሃያት፣ ውሃ አምጪ ለእጅ።»

ጨዋነት መሰለኝ። ላታደክመኝ መሰለኝ። እጄን አንስቼ አስቆምኳት፤ ያን እጄን ዛሬም ሳየው አፍራለሁ። ቀጠልኩ፤ ከመርሻ ወደ ላይ፣ አንዱን አባት ከአንዱ እያያዝኩ፣ ዘሚካኤል ጋ ደረስኩ። ምላሴ እዚያ ሲደርስ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። አባቴ አርጩሜውን ይዞ ፊቴ የቆመ ያህል ወጣ፦

ዘራፍ ዘሚካኤል፣ የንጉሥ ባለሟል፣
ከሾላው መሻገር ሼህ ኑሩን ጥሏል፤
ከነልጁ አንጋሎ፣ ከነበቅሎው ገትሮ፣
ሚስቱንም ከምንጭ ዳር ይዟት መጣ አስሮ።

ጨረስኩና ሻዬን አነሳሁ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ቀና ስል የጀማል ከንፈር ነጭ ሆኗል።

ልጆቼ፣ እመኑኝ አልልም። ግን ሼህ ኑሩ ለእኔ ሰው አልነበረም። ቤት መምቻ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሙን ስጠራው አንድም ቀን ልጅ ይኖረው ይሆን፣ የልጅ ልጅ ይኖረው ይሆን፣ ቀብር ይኖረው ይሆን ብዬ አላውቅም።

«እማማ» አለ ጀማል ቀስ ብሎ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሼህ ኑሩ አባታችን ነው። የኮረብታው አባት። ወንድሜን የገደሉት እዚያ ቀብር ላይ ነው፤ አታፍርሱ ብሎ ቢቆምባቸው። እየፎከሩ ነበር አሉ። ምን እያሉ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር።» ቀጥሎም «አሁን ሰማሁት» አለ።

ግርማ «ጀማል፣ ወንድሜ፣ የጥንት ነገር ነው፣ እሳቸው አላወቁም» ሲል ጀማል እጁን ብቻ አነሳ።

ከዚያ ዘሃራ ተናገረች። ወደ እኔ ዞራ፣ በቀስታ። «ሴቲቱስ?»

«የቷ ሴት?»

«ከምንጩ ዳር ያሰራት። ማን ትባላለች በእናንተ ቆጠራ?»

በልቤ ወደ ላይ ቆጠርኩ። ከእኔ በላይ በቆጠራችን ውስጥ ሴት የለችም። አባት፣ አባት፣ አባት ነው። ዘሚካኤል ከማን እንደወለደ ጠይቄ አላውቅም። «አላውቅም» አልኳት።

«ታስራ ስትወጣ ሴት ልጇን የእህል ጉድጓድ ውስጥ ደብቃ ነው። እኛ ከዚያች ልጅ ነን» አለች ዘሃራ። «የእናቲቱ ስም እኛ ጋ አለ።»

ስሟን ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልነገረችኝም። ተነሳችና «ብሉ እንግዲህ፤ ቤቴ መጥታችሁ ጾማችሁን አትሄዱም» አለች። ሁለቱም ድስት ቀረበ። የበላ የለም። ግርማ አንድ ጊዜ ብቻ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሃያት እያለቀሰች እናቷ «እሽ፣ እሽ» ትላታለች።

ስንወጣ ጀማል ሰማያዊውን ድስት ከነክዳኑ ይዞ ተከተለን። ለግርማ ሰጠው። «ይሄ የእናንተ ነው» አለ። ለሽማግሌ የተሰጠን መልስ ያ ነበር።

ዮናስ ማታውኑ ኮንየርስ ሄዶ ደጃቸው ቆመ። ሃያት ወጥታ «ላይክ፣ እኔ አንተን አልጠላም። ግን አያቴ ያንን ሰምታ፣ እኔ እዚያ ቤት ምን ብዬ ልግባ?» አለችው። ከዚያ ለአንድ ወር ቴክስት ይደራረጉ ነበር፤ ቀስ በቀስ እሱም ቀረ። ዮናስ ሌላ ስቴት ሥራ አግኝቶ ሄደ። ይደውልልኛል። «ስትሬስ አታድርጊ እማማዬ» ይለኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ ስቆ፣ ዓመቱን ሲያሰላው ከንጉሡ ዘመን እስከ እኛ ከሃያ አባት በላይ ያስፈልጋል አለኝ፤ የእኔ ቆጠራ ግማሹን አይሞላም። አባቶቹ መሀል ላይ ጠፍተዋል። ፉከራው ግን አንድ ቃል አልጎደለውም።

አግዳሚው ወንበር ላይ ዘሃራን ስንት ቀን ጠበቅኳት። በመጨረሻ ተስፋዬን ለምኜ ደጇ ሄድኩ። ራሷ ከፈተችልኝ። ከስታለች።

«እታለም፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይቅር ብዬሻለሁ። የዚያኑ ዕለት።»

«እንግዲያው ነይ፣ እንቀመጥ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ልቤ ይቅር ብሏል። ጀማል ግን እኔን እያየ ነው የሚኖረው። ከአንቺ ጋር ከሳቅሁ የወንድሙ ደም ላይ ሳቅሁ ማለት ነው።» በሩን አልዘጋችብኝም፤ እኔ ነኝ ዞሬ የሄድኩት። በሚቀጥለው ዓመት ሞተች። የቀብሯ ቀን ተስፋዬ መኪና ውስጥ፣ ከሩቅ፣ አቁሞልኝ አየሁ። ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ቶሎ አለቀ።

እናንተ ልጆች ከዚህ ምን እንድታገኙ እንደምፈልግ ትጠይቁኛላችሁ። ምንም የለኝም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይሉ ነበር ወላጆቻችን፤ አፋፍ ላይ ተወልጄ አላስተዋልኩትም። ዘመቻውን የዘመቱት ሞተዋል፣ የተዘመተባቸውም ሞተዋል፤ ንጉሡም በአልጋው ላይ ሞቷል። በሕይወት የቀረው አራት መስመር ነበር፤ እሱን አባቴ በአርጩሜ እኔ ውስጥ ተክሎት እኔ አሜሪካ ድረስ ይዤው መጣሁ። ቤዛ አስጠኚኝ ስትለኝ ሰባቱን ብቻ አስጠናኋት። ግን ፉከራውን ይኸው ራሷ ጻፈችው፤ መልሼ እንዳላወጣው ነገሩ ያለ እሱ አይገባም። እንዲህ ነው የሚተርፈው። የሴቲቱን ስም እስካሁን አላውቀውም። የሚያውቁት አያናግሩኝም።

አምና ግርማ ታሞ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ተኝቶ ልጠይቀው ሄድኩ። የማይነሳበት በሽታ ነው። ስለ ብዙ ነገር ተጫወትን። «እማማ፣ አንድ መሐላ ላፍርስ» አለኝ። «ያን ቀን ቆጠራው ይቅር ብሎ የደወለው ማን እንደሆነ አልነገርኩዎትም። እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር፤ እንዳያፍሩ ብለው።»

ዘሃራ ነበረች። በዋዜማው ደውላ እንዲህ አለችው፦ «ጥሩነሽ ዘሯን ስትቆጥር መጨረሻ ላይ የምትለውን አውቀዋለሁ። ሰኞ ገበያ የእነሱ ወንዶች ሲሉት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አገሯን የነገረችኝ ዕለት ነው ማን እንደሆነች ያወቅሁት። እኔ አውቄ ነው የወደድኳት፤ ልጄ ግን እንዳይሰማ።»